የጉዲፈቻው ልጅ፦ ባንዶ ታማሳቡሮ እና የካቡኪ የዘር ሐረግ

ጁን 2025 ጃፓን ውስጥ ለእይታ የበቃው «ኮኩሆ» የተባለ ፊልም ሦስት ሰዓት ሊሞላ የሚቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጉዳዩ ደግሞ ካቡኪ ነው። ሁለቱም ሲኒማ ቤት የሚያስሞሉ ነገሮች አይመስሉም። ፊልሙ ግን ለወራት ከአዳራሽ ሳይወርድ ቆየና በኖቬምበር ከ17 ቢሊዮን የን በላይ ገቢ አስመዝግቦ፣ ከአኒሜሽን ውጪ ባሉት የጃፓን ፊልሞች ዘርፍ ከ2003 ጀምሮ ለ22 ዓመት ያልተነካውን ክብረ ወሰን ሰበረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ አባቱ የተገደለበትን የአንድ ወሮበላ አለቃ ልጅ ይከተላል። ልጁ አንድ ስመ ጥር የካቡኪ ተዋናይ ቤት ይጠጋል፤ ከተዋናዩ የአብራክ ክፋይ ጋር እኩል እየተቀጣ፣ እኩል እየተማረ ያድጋል። ሁለቱም በሴት ሚና የሚጫወቱ ተዋንያን ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ የሚመዘዘው የቤቱን ስም የሚወርሰው ልጁ ነው ወይስ ጎበዙ ከሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ልብ ወለድ ነው። በእውነተኛው መድረክ ላይ ግን ከካቡኪ ቤተሰብ ሳይወለድ የሙያው ጫፍ ላይ የወጣ፣ 75 ዓመት ሞልቶትም አሁንም የሚተውን ሰው አለ። ባንዶ ታማሳቡሮ አምስተኛው ይባላል። ብዙ ሰው ሕይወቱን «ችሎታ ደምን አሸነፈ» ብሎ ይተርከዋል። ለጆሮ ደስ የሚል ትርጓሜ ነው፤ እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ላየው ሰው የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ስለ ካቡኪ ራሱ ትንሽ ልበል። በ1603 ገደማ ኪዮቶ ውስጥ ኦኩኒ የተባለች ሴት ከቡድኗ ጋር በወንዝ ዳር ባሳየችው ውዝዋዜ ተጀመረ ይባላል። መንግሥት በሥነ ምግባር ስም በ1629 ሴቶችን ከመድረክ አገደ። በእነሱ ቦታ የገቡት ለጋ ወጣቶችም ሌላ ጣጣ አመጡና በ1652 እነሱም ታገዱ። የቀሩት አዋቂ ወንዶች ብቻ ነበሩ። የሴቶቹን ሚና የሚይዙት ወንዶች «ኦናጋታ» ይባላሉ። በእኛም አገር ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ ሴቶች መድረኩን ሲረግጡ ያ ቀረ። በካቡኪ ግን እገዳው ከተነሳ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ልማዱ አልቀረም። በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ የራሱ ሕግ፣ የራሱ የሰውነት አያያዝ፣ የራሱ ድምፅ ያለው ሙያ ሆኗልና።

ሙያው የሚተላለፈው በቤት ነው። ስም እንደ ንጉሥ በቁጥር ይወረሳል፤ ዳንጁሮ አሥራ ሦስተኛው፣ ኪኩጎሮ ስምንተኛው እየተባለ። ስሙን የወሰደ ሰው ዝናውን ብቻ አይደለም የሚረከበው፤ ሚናዎቹን፣ የሚናዎቹን አጨዋወት፣ የቤቱን ደቀ መዛሙርትና ደጋፊዎችም አብሮ ይረከባል። ልጆች በሦስትና በአራት ዓመታቸው መድረክ ላይ ይወጣሉ።

ታማሳቡሮ ኤፕሪል 25 ቀን 1950 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ ደንበኞቹን በጭፈራና በሙዚቃ ጭምር የሚያስተናግድ ባህላዊ ምግብ ቤት ነበረው። ሕፃን ሳለ ፖሊዮ ያዘው። እግሩ እንዲጠነክርለት ተብሎ የጃፓን ባህላዊ ውዝዋዜ አስጀመሩት፤ ልጁ ከውዝዋዜው አልላቀቅ አለ። ሞሪታ ካንያ አሥራ አራተኛው የተባለ ተዋናይ በደቀ መዝሙርነት ተቀበለውና በ1957፣ በሰባት ዓመቱ፣ ባንዶ ኪኖጂ በሚል ስም መድረክ ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ሚናው ኮታሮ ነበር። ኮታሮ በአንድ ዝነኛ ተውኔት ውስጥ የመኳንንት ልጅ ሊገደል ሲል በእሱ ምትክ አንገቱን እንዲሰጥ ወላጆቹ አውቀው የሚልኩት ሕፃን ነው። ስለ ደምና ስለ ምትክ ለሚከራከር ሰው ከዚህ የተሻለ ጅማሬ አይገኝም፤ አጋጣሚ ይሁን እንጂ።

በ1964፣ በ14 ዓመቱ፣ ካንያ በጉዲፈቻ ልጁ አድርጎት ራሱ በወጣትነቱ ይጠራበት የነበረውን የታማሳቡሮ ስም ሰጠው።

«ደምን ያሸነፈ» የሚለው ተረት የሚላላው እዚህ ላይ ነው። የሞሪታ ቤት በድሮዋ ኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ከመንግሥት ፈቃድ ከነበራቸው ሦስት ትልልቅ የካቡኪ ቴአትር ቤቶች አንዱን በባለቤትነት ያስተዳድር ነበር። ከቤቱ ሰዎች ሁሉ ዝነኛው አሥራ ሁለተኛው ካንያ ነው። በ1872 ቴአትሩን ከከተማው ዳር አንሥቶ ወደ መሐል አመጣ፤ ካቡኪን ከዘመናዊት ጃፓን ጋር አስታረቀ። ይህ ሰው የቤቱ ደም አልነበረም። የቴአትሩ ሒሳብ ሹም ልጅ ሆኖ በጉዲፈቻ የገባ ነው። አሥራ ሦስተኛው የእሱ የሥጋ ልጅ ነበር። አሥራ አራተኛው፣ የታማሳቡሮ አሳዳጊ፣ የአሥራ ሦስተኛው የቅርብ ዘመድ ሆኖ እሱም በጉዲፈቻ ገባ። እንግዲህ ታማሳቡሮ ወደዚያ ቤት የገባው ከእሱ በፊት ሌሎች በገቡበት በር ነው። ካቡኪ በደም ይወረሳል ሲባል ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ቤቱ ደም ሲያጥረው ወይም ደሙ ሲደክምበት ከውጭ ሰው እያስገባ፣ ስም እየሰጠ፣ ዘር እያደረገ የኖረበት ልማድ ነው። የዘር ሐረጉ ሳይበጠስ የቆየው በዚህ ነው።

ታዲያ ደም ምን ይጠቅማል? እንደ እኔ ግምት የሚጠቅመው ችሎታን በማውረስ ሳይሆን ጊዜና ሚና በመስጠት ነው። በካቡኪ ውስጥ «የሙከራ ውድድር» የሚባል ነገር የለም። የትኛው ተዋናይ የትኛውን ሚና እንደሚያገኝ የሚወሰነው ቶኪዮ ጊንዛ ያለውን ካቡኪዛን ጨምሮ ትልልቆቹን ቴአትር ቤቶች በሚያስተዳድረው ሾቺኩ ኩባንያና በታላላቆቹ ቤቶች መካከል ነው። አባቱ ዋና ተዋናይ የሆነ ልጅ ገና ሳይበስል ትልቅ ሚና ይሰጠዋል፤ ይወድቃል፤ ደግሞ ይሰጠዋል። ሌላው ግን አንዴ ከተሳሳተ ሁለተኛ ዕድል ላያይ ይችላል። አባት የሞተበት ወጣት ተዋናይ ሚናው እንደሚሳሳ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው።

ታማሳቡሮም ይህ ደርሶበታል። ካንያ በማርች 1975 ሲያርፍ እሱ ገና 25 አልሞላውም ነበር። በዚያ ላይ የዘመኑ የኦናጋታዎች አውራ ስድስተኛው ናካሙራ ኡታኤሞን በሕይወት ነበር፤ የካቡኪዛን ትልልቅ የሴት ሚናዎች የሚይዘው እሱ ነበር። አባት የሌለው፣ ደም የሌለው፣ ለሴት ሚና ቁመቱ የበዛ ወጣት ምን ተስፋ ነበረው?

ተስፋው ሕዝቡ ነበር። በ1969 ዕውቁ ደራሲ ዩኪዮ ሚሺማ ለብሔራዊ ቴአትር በጻፈው የካቡኪ ተውኔት ውስጥ ለልዕልት ሺራኑይ ሚና መርጦት ስለነበር ስሙ ከተመልካች ጆሮ ደርሷል። በ1970ዎቹ ደግሞ ከካታኦካ ታካኦ፣ ከዛሬው ኒዛኤሞን አሥራ አምስተኛው፣ ጋር ሲጣመር የቶኪዮ ሴቶች ወረፋ ይዘው ትኬት ይገዙ ጀመር። ጥንዶቹን «ታካ ታማ» አሏቸው። አሳዳጊው በሞተበት ዓመት፣ በ1975፣ ሁለቱ በሺንባሺ ኤንቡጆ ቴአትር የልዕልት ሳኩራን ታሪክ ተጫወቱ፤ ልትመነኩስ ተነሥታ እስከ ሴተኛ አዳሪነት የምትወርድ ልዕልት ናት። ዋናው መድረክ ሲጠብበት ከጎን ያሉትን መድረኮች ሞላቸው። በ1976 የሼክስፒርን ሌዲ ማክቤዝ ተጫወተ። ደራሲው ኢዙሚ ክዮካ የጻፋቸውንና ለካቡኪ ያልታሰቡትን የመናፍስት ተውኔቶች አንሥቶ የራሱ አደረጋቸው። ከ1990 ጀምሮ በኪዩሹ ደሴት፣ ያማጋ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ1910 የተሠራውን ያቺዮዛ የተባለ የእንጨት ቴአትር ቤት መድረክ እየረገጠ አገር እንዲያውቀው አደረገ። ውርስ ያልደረሰው ሰው መሬት መንጥሮ እንደሚያርስ ሁሉ፣ እሱም ሌላው ያልነካውን ሥራ ፈለገ።

ስለ አካሉ አንድ ነገር ልጨምር። ኦናጋታ ሴትን አስመስሎ የሚጫወት ወንድ ብቻ አይደለም። ወንድ አካልን አጥፎ ሌላ ቅርጽ የሚያወጣ ሠራተኛ ነው። ትከሻ እንዲወርድ የጀርባው ሁለት አጥንቶች ወደ መሐል ተስበው ወደ ታች ይያዛሉ። ጉልበቶች ተጣብቀው ይታጠፋሉ፤ በልምምድ ጊዜ በጉልበቶቹ መካከል ወረቀት አስገብቶ ሳይወድቅ እንዲራመድ ይታዘዛል። የእግር ጣቶች ወደ ውስጥ ይዞራሉ። በዚህ ላይ ከባድ ሰው ሠራሽ ጸጉርና ድርብርብ አልባሳት ይጫናሉ። ታማሳቡሮ ቁመቱን ለመቀነስ ከሌላው ሁሉ የበለጠ መጎንበስ ነበረበት፤ ያውም በፖሊዮ በተነካ እግር። ጎንበስ ማለቱ ግን በመድረክ ላይ አይታይም። የሚታየው ረጅምና ቀጭን አንገት፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ፊት ነው።

የዕደ ጥበቡን ልክ ለማየት አኮያ የተባለችው ሚና ትበቃለች። ተውኔቱ በ1732 ለአሻንጉሊት ቴአትር የተጻፈ ነው። አኮያ የተሸነፈ ጦር መሪ ፍቅረኛ የሆነች የታወቀች ጨዋታ አዋቂ ናት። ሹማምንቱ ሰውየው የተደበቀበትን ቦታ እንድትናገር አስረው ያመጧታል። አንደኛው መርማሪ፣ ኢዋናጋ፣ በውሃ ትሰቃይ ይላል። ሌላው፣ ሺጌታዳ፣ አይሆንም ብሎ ሦስት የሙዚቃ መሣሪያ ያስቀርባል፤ አግድም የሚጋደመውን ባለ 13 አውታር ኮቶ፣ ባለ ሦስት አውታሩን ሻሚሰን እና በደጋን የሚገዘገዘውን ኮክዩ። ትጫወት፤ ልቧ ውስጥ ውሸት ካለ ዜማው ይሰናከላል ይላል። ተዋናዩ ሦስቱንም በመድረክ ላይ፣ በተመልካች ፊት፣ በራሱ እጅ መጫወት አለበት፤ ከመድረክ ጀርባ የሚረዳው የለም። እየተጫወተ ደግሞ ይዘፍናል፤ እየዘፈነም በምርመራ ላይ ያለች ሴት ሆኖ መቆየት አለበት። ጣቶቹ ለሙዚቃው ብቻ ካሰቡ ትወናው ይሞታል፤ ስለ ፍቅረኛው ብቻ ካሰበ ጣቱ ይስታል። መርማሪው የሚፈትነው አኮያን ነው፤ ተመልካቹ የሚፈትነው ግን ተዋናዩን ነው።

ለአሥርት ዓመታት ይህን ሚና የሚደፍር ኡታኤሞን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ታማሳቡሮ በጃንዋሪ 1997 በብሔራዊ ቴአትር ተቀበለው፤ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ አኮያ ማለት እሱ ሆነ። ከእሱ በኋላስ ማን? ልጅ የለውም፤ አላገባም።

መልሱ በዲሴምበር 2018 በካቡኪዛ ታየ። ባይሺ እና ኮታሮ የተባሉ ሁለት ወጣት ኦናጋታዎች ራሱ አሠልጥኗቸው አኮያን በየተራ ተጫወቱ። እነሱ በሚጫወቱባቸው ቀናት ታማሳቡሮ ቤቱ አልተቀመጠም። ፊቱን ቀይ ቀለም ተቀብቶ ኢዋናጋን፣ ማለትም ያንን ትሰቃይ ይል የነበረውን አስቂኝ ክፉ መርማሪ፣ ተጫወተ። ሚናው ከጀርባ በሰው እንደሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ሆኖ የሚተወን ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ይነሣል፣ ይወርዳል። በውበቱ አገር ያወቀው ሰው በ68 ዓመቱ ለተማሪዎቹ መሣቂያ ሆኖ ወጣ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የእሱ የነበረውን የልዕልት ቶሚ ሚና ሺቺኖሱኬ ለተባለ ወጣት ተዋናይ ለቅቆ፣ እሱ በ73 ዓመቱ የልዕልቲቱን ታናሽ ሆኖ ተጫወተ። ሥልጣን ማስረከብ ይሉሃል ይህ ነው።

ልብ በሉ፤ ሚናዎቹን የተረከቡት ሦስቱም ወጣቶች የታላላቅ ቤቶች ልጆች ናቸው። ሺቺኖሱኬ የናካሙራ ካንዛቡሮ ልጅ ነው። ባይሺም ኮታሮም የኦናጋታ ልጆች ናቸው። ከውጭ የገባው ሰው ሲያወርስ ያወረሰው ለውስጦቹ ነው። በዚህ ልወቅሰው አልችልም። አኮያን ለመሸከም በሕፃንነቱ ሻሚሰን የጨበጠ እጅ ያስፈልጋል፤ ያንን እጅ የሚያፈሩት ቤቶቹ ናቸው። ግን «ችሎታ ደምን አሸነፈ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ይሰነጠቃል።

ከአገር ውጭ ስላተረፈው ዝና ብዙ አልልም፤ በየመጽሔቱ ተጽፏል። በ1984 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ተጋብዞ የነጭ ሽመላዋን ውዝዋዜ አሳየ። ወፏ ሴት ሆና ትወድና በበረዶ ውስጥ ትሞታለች፤ ልብሷ በረዳቶች እጅ ክሩ ተመዞ በዐይን ጥቅሻ ይለወጣል። ከፖላንዳዊው የፊልም ዳይሬክተር አንጄይ ቫይዳ ጋር ሠራ። በ2008 ቻይንኛ ተምሮ በጥንታዊው የቻይና ኦፔራ በኩንቹ ተጫወተ። የኪዮቶ ሽልማትን በ2011 አገኘ፤ በ2012 መንግሥት «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» አለው። የፊልሙ ርዕስ የተወሰደው ከዚሁ ማዕረግ ነው። የሽመላዋን ውዝዋዜ ግን በ2009 ሙሉ በሙሉ አቆመ። ሰውነቱ ያንን መገለባበጥ እንደማይችል ሲያውቅ፣ ተመልካች ሳይነግረው፣ ራሱ ዘጋው። ከሽልማቶቹ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ውሳኔ ነው።

በክርክሩ ውስጥ የማይነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። ደም ደም ሲባል የወንዶቹ ደም ብቻ ነው። በ«ኮኩሆ» ውስጥ የተዋናዩን ሚስት ሆና የተጫወተችው ተራጂማ ሺኖቡ የእውነተኛው የሰባተኛው ኦኖዬ ኪኩጎሮ ልጅ ናት፤ በ2010 በርሊን ፊልም ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይት ተብላ የብር ድብ የወሰደች። በካቡኪ ሕግ ግን ስሙ የወንድሟ ነው። በሜይ 2025 ወንድሟ ስምንተኛው ኪኩጎሮ ሆኖ ስም ሲወርስ፣ የ11 ዓመት ልጁም ስድስተኛው ኪኩኖሱኬ ተባለ። በዚያ በዓል ሦስት ሰዎች አንዲቷን ተወዛዋዥ ሃናኮን ሆነው ተወዛወዙ፤ የ47 ዓመቱ አባት፣ የ11 ዓመቱ ልጅ እና የ75 ዓመቱ ታማሳቡሮ። ከሦስቱ የቤቱ ደም ያልሆነው እሱ ብቻ ነው። የቤቱ ደም የሆነችው ሺኖቡ ደግሞ እዚያ መድረክ ላይ አልነበረችም። ከፈረንሳዊ የወለደችው ልጇ ኦኖዬ ማሆሎ ግን በ2023 ተዋናይ ሆኖ ገብቷል። በሩ ለልጇ ተከፍቷል፤ እሷ ግን በ2023 ለአንድ ተውኔት ብቻ ካቡኪዛ ገብታ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ እንደ ሰባት ዓመቱ ታማሳቡሮ ያለ ልጅ በየት በር ይገባል? ከ1970 ጀምሮ ብሔራዊ ቴአትር ዘመድ የማይጠይቅ፣ ክፍያ የሌለበት የካቡኪ ተዋንያን ማሠልጠኛ ያካሂዳል። ዛሬ መድረክ ላይ ካሉት ተዋንያን ሲሶ ያህሉ ከዚያ የወጡ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ወታደሩን፣ ደንገጡሩን፣ በአየር ላይ የሚገለበጠውን ተፋላሚ የሚሞላ ሰው አይገኝም። ዋናውን ሚና የያዙት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከውጭ መጥተው የወጡትም አብዛኛውን ጊዜ የወጡት አንድ ቤት በጉዲፈቻ ሲወስዳቸው ነው። የመርከብ ማንቀሳቀሻ የሚሠራ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ የሆነው ካታኦካ አይኖሱኬ አንዱ ምሳሌ ነው። ትምህርት ቤቱ ሙያ ይሰጣል፤ ስም ግን አይሰጥም። ስም የሚሰጡት አሁንም ቤቶቹ ናቸው፤ ቤቶቹም በየዓመቱ ጉዲፈቻ አይወስዱም።

ማሠልጠኛውን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ቴአትር ራሱ ኦክቶበር 2023 ለዕድሳት ተዘግቶ፣ ለግንባታው የወጡት ጨረታዎች አሸናፊ ሳያገኙ ቀርተው፣ ሕንፃው ባዶውን ቆሟል። ዳግም የሚከፈተውም 2030ዎቹ ከገቡ በኋላ ነው። ፊልሙን አይተው ወደ ካቡኪ የሚመጡት ወጣቶች የሚገጥማቸው እንግዲህ ይህ ነው፤ የተዘጋ ብሔራዊ ቴአትር፣ ዋና ሚና እምብዛም የማያስገኝ ትምህርት ቤት፣ እና አንድ ሰው አንዴ በገባበት በር አጠገብ የቆሙ ጥቂት ቤቶች።